ማንም ሳይነካው ግማሹ የት ሄደ?



ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ዕውቀት ሳይሆን ስሕተት ነው። ባለፈው ወር በተደረገው የሠልጣኞች ስብሰባ ላይ ተነስቼ ስለ ኮምፒዩተር ክፍላችን የተናገርኩትን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፤ አንዳንዶቻችሁም አጨብጭባችሁልኛል። ከተናገርኩት ውስጥ ግን ዋናው ነገር ትክክል አልነበረም። ሆነ ብዬ የዋሸሁት ነገር የለም። ይሁን እንጂ በሰው ፊት የተነገረ ስሕተት በሰው ፊት መታረም አለበት፤ ነገሩን ስመረምረውም ለእኛ ለእጩ መምህራን የሚጠቅም ትምህርት አገኘሁበት። ስለሆነም ከመነሻው ጀምሬ እንደሚከተለው ላስረዳ።

ይህን የግድግዳ ጋዜጣ በኮምፒዩተር ከሚጽፉት ሠልጣኞች አንዱ እኔ ነኝ። የምንጽፍበት ከበሩ ሁለተኛ ላይ ያለው አሮጌ ኮምፒዩተር ነው። አንድ እሑድ ማታ፣ በማግሥቱ ጧት የሚለጠፈውን እትም ለመጨረስ ብቻዬን ተቀምጬ ነበር። የደባርቅን የማታ ብርድ የምታውቁት ነው፤ ጣት አልታዘዝ ይላል። ከጣቴ ይልቅ ያልታዘዘኝ ግን ማሽኑ ሆነ። «ሀ» ብዬ ስመታ ፊደሉ ብቅ የሚለው እኔ ሦስተኛው ፊደል ላይ ከደረስኩ በኋላ ነው። ቆይቶ ጭራሹን ደርቆ ቀረ። የዲስኩ መብራት ብቻ ሳያቋርጥ ይብለጨለጫል። በንዴት የማጥፊያውን ቁልፍ ተጭኜ አጠፋሁት። ሳላስቀምጠው የቀረ ሁለት ገጽ ጽሑፍም አብሮ ጠፋ። ጋዜጣው በሰኞ ፋንታ ረቡዕ ተለጠፈ። «ዘንድሮ ጋዜጣው ሰነፈ» እያላችሁ ስታሙን እኔም ከኋላችሁ ቆሜ ሰምቻለሁ።

በዚያው ሳምንት አንድ የመኝታ ክፍሌ ጓደኛ «ና ጉዱን ላሳይህ» ብሎ «ሪሶርስ ሞኒተር» የሚባለውን የኮምፒዩተሩን የራሱን መመርመሪያ ከፈተልኝ። ይህ መመርመሪያ ማህደረ ትውስታው፣ ማለትም በተለምዶ «ሚሞሪ» ወይም «ራም» የምንለው፣ በምን በምን እንደተያዘ በቀለም ለይቶ ያሳያል። ኮምፒዩተሩ ጧት ሲሠራበት ውሏል፤ በዚያች ሰዓት ግን የተከፈተ ጽሑፍ የለም፣ የተከፈተ ፊልም የለም፣ ማንም አልነካውም። ጠቅላላው ሚሞሪ 4,096 ሜጋ ባይት ነው። «ፍሪ»፣ ማለትም ባዶ፣ ተብሎ የተጻፈው ግን 46 ብቻ ነበር!

እኔም ጊዜ አላባከንኩም። ስብሰባው ላይ እጄን አውጥቼ «ከ4,096 ውስጥ 46 ብቻ ነው የቀረው! ማንም ሳይነካው ይህ ሁሉ የት ሄደ? ክፍሉን የሚጠብቅ ሰው የለም ወይ? ማን ምን እንደሚጭንበት የሚቆጣጠርስ ማነው?» አልኩ። አንዱ ከኋላ «ተበላ!» ብሎ ጮኸ፤ አዳራሹ በሣቅ ተናወጠ። የኮምፒዩተር ክፍሉ ኃላፊ፣ ሁላችንም «እትየ» የምንላቸው፣ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሁሉም ዞሮ አያቸው። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካከሉና ደብተራቸው ላይ የሆነ ነገር ጻፉ እንጂ አንድ ቃል አልመለሱም። እኔም ዝምታቸውን ጥፋታቸውን እንደማመን ቆጠርኩት።

ከስብሰባው ስንወጣ በሩ ላይ አገኙኝ። «ቅዳሜ ጧት ብቅ በልልኝ፤ ስልክህንም ያዝ፣ ሰዓት እንይዝበታለን» አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም። ቅዳሜ ስሄድ ክፍሉ ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። ስገባ ፈራ ተባ እያልኩ «እትየ፣ ስለ ትናንት በስቲያው ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁ» አልኳቸው። «ይቅርታውን ቆይ፤ መጀመሪያ በምን እንደምትጠይቅ እወቅ» ብለው ወንበር ሳቡልኝ።

ጠረጴዛና መጋዘን

እሳቸው እንዳስረዱኝ ኮምፒዩተር ሁለት ዓይነት ማስቀመጫ አለው። ሃርድ ዲስኩ መጋዘን ነው፤ መብራት ቢጠፋም የያዘውን አይለቅም። ሚሞሪው ደግሞ የሥራ ጠረጴዛ ነው። የሚሠራበት ነገር ሁሉ መጀመሪያ ከመጋዘን ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ መቀመጥ አለበት፤ መብራት ሲጠፋም ጠረጴዛው ባዶውን ይቀራል። እኔ የጻፍኳቸው ሁለት ገጾች የጠፉት ጠረጴዛው ላይ እንጂ መጋዘን ውስጥ ስላልነበሩ ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነት በጣም ከፍ ያለ ነው። ሚሞሪ የተጠየቀውን ለማቅረብ 100 ናኖ ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል፤ አንድ ናኖ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ነው። እንደ እኛዎቹ ዓይነት የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ግን ተፈላጊውን ቦታ ፈልጎ ለማግኘት የሰከንድ አንድ መቶኛ ያህል ይወስድበታል። በስሌት ልዩነቱ መቶ ሺህ እጥፍ ይመጣል። ይህን በሰው መጠን እናስበው። ከጠረጴዛ ላይ አንድ ወረቀት ማንሳት አንድ ሰከንድ ቢፈጅ፣ ያንኑ ወረቀት ከመጋዘን ማምጣት መቶ ሺህ ሰከንድ፣ ማለትም ከ27 ሰዓት በላይ ይፈጃል ማለት ነው። ከደባርቅ ጎንደር በመኪናው መንገድ ወደ መቶ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር የሚራመድ ሰው ሳያርፍ ቢሄድ 25 ሰዓት ይፈጅበታል። እንግዲህ ለኮምፒዩተሩ ልዩነቱ እጅን ዘርግቶ ማንሳትና ጎንደር ድረስ በእግር መውረድ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ስርዓተ ክወና፣ «ኦፐሬቲንግ ሲስተም» የምንለው ዋናው አስተዳዳሪ፣ ትልቁ ጭንቀቱ የጎንደሩን መንገድ መቀነስ ነው።

ባዶ ያልሆነው ባዶ

ከዚያ በኋላ ያንኑ መመርመሪያ ከፈቱና «አሁን አንዱን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ሁሉንም አንብብ» አሉኝ። አነበብኩ። ለሃርድዌር የተያዘ 110፤ በሥራ ላይ ያለ 1,920፤ የተለወጠ 60፤ ተጠባባቂ 1,960፤ ባዶ 46። ድምሩ 4,096 ነው። በስብሰባው ላይ «ተበላ» የተባለው ግማሹ ሚሞሪ እዚያው ደማቅ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ «ስታንድባይ»፣ ተጠባባቂ፣ ተብሎ ተቀምጧል! እኔ ግን ከአምስቱ መስመሮች የመጨረሻዋን ብቻ አንብቤ ነበር አዳራሽ የገባሁት።

ተጠባባቂ ማለት ምን ማለት ነው? አንድ ፕሮግራም ሥራውን ጨርሶ ሲዘጋ ስርዓተ ክወናው ከመጋዘን ያወጣለትን ነገር ወዲያው አይጥለውም። «ቆይቶ ሊጠይቀኝ ይችላል» ብሎ ጠረጴዛው ላይ ይተወዋል። ሌላ ሥራ መጥቶ ቦታ ሲፈልግ ግን ያለ ክርክር ይለቅለታል። ዋናው ቅጂ መጋዘን ውስጥ ስላለ ቢጣልም የሚጠፋ ነገር የለም።

እኔ የዳባት ገጠር ልጅ ነኝ። በእኛ አካባቢ ገብሱ ታጭዶ ከተነሳ በኋላ ማሳው የመንደሩ ከብት መሰማሪያ ይሆናል። ማሳውን ከሩቅ ያየ መንገደኛ «ይህ መሬት በከብት ተይዟል» ሊል ይችላል። ባለቤቱ በሬውን ጠምዶ ሲመጣ ግን እረኛው ከብቱን ነድቶ ይወጣል፤ ሽማግሌ አያስፈልገውም። ከብቱ እስከዚያው ባይሰማራበት ኖሮ መሬቱ ምን ያተርፍ ነበር? ቃርሚያው ደርቆ ይቀራል እንጂ። ለእትየ ይህን ስነግራቸው ሣቁና «ይኸውልህ፣ ከኔ አንተ አሳምረህ ታውቀዋለህ» አሉኝ።

ሚሞሪን ባዶ ማስቀመጥ የሚያድነው ኤሌክትሪክም የለም። የሚሞሪው ቺፖች የያዙትን እንዳይረሱ በተለምዶ በየ64 ሚሊ ሰከንዱ ይታደሳሉ፤ እድሳቱም ጠቃሚ ነገር ቢይዙ ባይዙ አይቋረጥም። ስለሆነም ባዶ ሚሞሪ ደመወዙን እየበላ የማያስተምር መምህር ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ ወደ ሙከራው ገባን። ኮምፒዩተሩን አጥፍተን አበራነውና እስኪረጋጋ ጠብቀን የጋዜጣውን ፋይል ከመጻፊያው ፕሮግራም ጋር ከፈትን። በስልኬ ሰዓት 31 ሰከንድ ፈጀ። ዘጋነውና እንደገና ከፈትነው፤ 5 ሰከንድ! ሁለተኛው ከጠረጴዛ እንጂ ከመጋዘን አልመጣማ። «እስኪ አሁን ያንን የምትመካበትን መጥረጊያ አምጣ» አሉኝ። ለካ ሰምተዋል። በፍላሼ ይዤ የምዞር፣ የመጥረጊያ ሥዕል ያለበት «ሚሞሪ አጽጂ» የሚባል ፕሮግራም ነበረኝ። አስነሳሁትና ቁልፉን ተጫንኩ። ባዶ የተባለው ቁጥር በአንድ ጊዜ ከ1,800 በላይ ሆነ። ደስ አለኝ። «አሁን ጋዜጣህን ክፈት» አሉ። ከፈትኩ። 28 ሰከንድ።

«አየህ» አሉ እትየ፣ «ቤቱን ጠረግህና እንጀራውንም አብረህ ደፋኸው።»

ይህ ስሕተት የኔ ብቻ እንዳልሆነ በኋላ አንብቤ ተረዳሁ። ማይክሮሶፍት «ዊንዶውስ ቪስታ»ን በ1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2007) ለገበያ ሲያወጣ ሰው በብዛት የሚከፍታቸውን ፕሮግራሞች አጥንቶ አስቀድሞ ወደ ሚሞሪ የሚያመጣ «ሱፐርፌች» የሚባል ክፍል ጨምሮበት ነበር። ብዙ ሰው «ባዶ» የሚለውን ቁጥር አይቶ «ቪስታ ሚሞሪዬን ጨረሰብኝ» ሲል አማረረ። የሚገርመው በዚሁ በቪስታ ውስጥ «ኒያላ» የተባለው የግዕዝ ፊደል ቅርጽ አብሮ ገብቶ ነበር። ስሙ የተወሰደው ከደጋው ኒያላ ነው፤ ለእኛ ለሰሜኖቹ «ዋልያ» ቢሉት በወደድን። በሊኑክስም ተመሳሳይ ግርታ ስለነበረ፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ «ባዶ» ከሚለው ሌላ «ሊገኝ የሚችል» የሚል ራሱን የቻለ ቁጥር ተጨምሮለታል። ሰው ማንበብ ያለበት ይህንኛውን ነው።

የተዳፈነው እሳት

«እሺ፣ ተጠባባቂው ገባኝ። በሥራ ላይ ያለው 1,920ስ? ማንም ሳይሠራበት በምን ሥራ ላይ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ይህ ጥያቄ ትክክለኛ እንደሆነ ነገሩኝ፤ በስብሰባው ላይም መጠየቅ የነበረብኝ ይህንን ነበር።

እናቴ ማታ እሳት አታጠፋም። ፍሙን በአመድ ታዳፍነዋለች። በዚያ ሰዓት ወጥ አይሠራበትም፣ ቡና አይፈላበትም፤ ጧት ግን ገለጥ አድርጋ እፍ ስትለው ወዲያው ይያያዛል። ኮምፒዩተሩም ሥራ በማይሠራበት ጊዜ የሚያዳፍነው ብዙ ፍም አለው። ፍላሽ ቢሰካ የሚሰማ፣ የመዳፊቱን እንቅስቃሴ የሚከታተል፣ ሰዓቱን የሚጠብቅ፣ ኅትመት የሚያስተናግድ፣ የኔትወርኩን መስመር የሚቆጣጠር፣ ስክሪኑን የሚስል፣ ቫይረስ የሚጠብቅ፣ አዲስ ማሻሻያ መጣ ወይ ብሎ የሚጠይቅ አለ። እያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ሚሞሪ ይይዛል። አንዱ ቢበላሽ ሌላውን ይዞ እንዳይወድቅ ደግሞ እየራሳቸው ክፍል ተሰጥቷቸው ይኖራሉ፤ ክፍል ሲበዛ ግድግዳውም ቦታ ይወስዳል።

ሌላም ነገር አለ። ቦታ እስከተረፈ ድረስ ስርዓተ ክወናው ማንንም «ተጠጋ» አይልም። አንድ መምህራችን 8 ጊጋ ባይት ሚሞሪ ያለው፣ ስርዓተ ክወናው ግን ከእኛው ጋር አንድ የሆነ ላፕቶፕ አላቸው። በፈቃዳቸው አይተን ማንም ሳይነካው በሥራ ላይ ያለው ወደ 2,900 ሆኖ አገኘነው፤ ከእኛው አንድ ሺህ ያህል ይበልጣል። ሰፊ ቤት ያለው ሰው ዕቃውን እንደሚበትነው መሆኑ ነው። ስለዚህ «ባዶውን ሲቀመጥ ይህን ያህል ይበላል» የሚለው ቁጥር ለሁሉም ኮምፒዩተር አንድ አይደለም።

ይህ ፍም ከዘመን ወደ ዘመን እየበዛ መጥቷል። «ዊንዶውስ 95» በ1987 ዓ.ም. ሲወጣ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ሚሞሪ 4 ሜጋ ባይት ነበር። «ኤክስፒ» በ1994 ዓ.ም. 64 ሜጋ ባይት ጠየቀ። «ዊንዶውስ 7» በ2002 ዓ.ም. ቢያንስ 1 ጊጋ ባይት፣ «ዊንዶውስ 11» ደግሞ በ2014 ዓ.ም. 4 ጊጋ ባይት አለ። በ26 ዓመት ውስጥ አንድ ሺህ እጥፍ ማለት ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው? አንደኛው ሥዕል ነው። የእኛ ስክሪን በአግድም 1,366፣ በቁመት 768 ነጥብ አለው። እያንዳንዱ ነጥብ ለቀለሙ 4 ባይት ቢይዝ የአንድ ስክሪን ሥዕል ብቻ 4,196,352 ባይት፣ ማለትም 4 ሜጋ ባይት ያህል ይወስዳል። ዛሬ የአንድ ስክሪን ሥዕል የሚይዘው ቦታ ለ«ዊንዶውስ 95» ጠቅላላ ኑሮው ነበር! ፊደላችን ግን ከባድ አይደለም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ በተለመደው አጻጻፍ አንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ይህን የመሰለ ጽሑፍ 40 ሺህ ባይት አይሞላም፤ በአንድ ስክሪን ሥዕል ቦታ መቶ ያህሉ ይገባል። ሁለተኛው ምክንያት ጥበቃ ነው፤ የድሮዎቹ ኮምፒዩተሮች ከኢንተርኔት በየደቂቃው የሚመጣ አደጋ አልነበረባቸውም። ሦስተኛው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥጋብ ነው። ሚሞሪ እየረከሰ ሲሄድ የፕሮግራም ጸሐፊዎች ቁጠባውን ትተውታል። ዛሬ አንድ ትንሽ የመልእክት መለዋወጫ ፕሮግራም ሙሉ የኢንተርኔት ማሰሻ በሆዱ ይዞ የሚመጣበት ጊዜ አለ።

ጥፋተኛው ሲገኝ

እዚህ ላይ «ታዲያ ማሽኑ ምንም ጥፋት ከሌለበት ያን እሑድ ማታ ለምን ደረቀብኝ?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። እኔም ይህንኑ አንስቼ ነበር። እትየ መልሱን ከመናገር ይልቅ ኮምፒዩተሩ ሲበራ አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ከፈቱልኝ። ለካ ፍም ብቻ አልነበረም፤ ሳይጠራ የመጣ እንግዳም ሞልቷል። ሁለት የቫይረስ መከላከያ እርስ በርሳቸው ሲጠባበቁ፣ ከሞተ ዓመት ያለፈው ፕሪንተር ፕሮግራም፣ ማንም የማይጠቀምበት የቪዲዮ መነጋገሪያ፣ አንድ የሙዚቃ ማጫወቻ፣ በመጨረሻም አንድ የፊልም ማውረጃ።

የፊልም ማውረጃውን ሳየው ላብ አጠመቀኝ። በመጀመሪያው ሴሚስተር፣ ማታ ማታ ፊልም ላወርድበት ብዬ በፍላሽ ይዤ ገብቼ የጫንኩት እኔው ራሴ ነበርኩ። «ማን ምን እንደሚጭንበት የሚቆጣጠር ማነው?» ብሎ አዳራሽ ውስጥ የጮኸው ይኸው ሰው ነው! እትየ ያውቁ ኖሯል። የገባሁበትን ቀንና ሰዓት በዚያች ደብተራቸው መዝግበውት ነበር። «ታዲያ ያን ዕለት ምነው ዝም አሉ?» ብላቸው «መቶ ሰው ፊት ባዋርድህ ምን እጠቀማለሁ? ነገ አስተማሪ ነህ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ይህን ንግግር ሳስታውስ ጆሮዬ ድረስ ይግለኛል።

ያን እሑድ ማታ የሆነው ነገር እንግዲህ ይህ ነው። ብዙ ቀን ጠፍቶ የሰነበተው የኢንተርኔት መስመር በዚያ ማታ መጣ። መስመር ሲመጣ ማሻሻያው መውረድ ጀመረ፤ ሁለቱ የቫይረስ ጠባቂዎች የወረደውን ሁሉ እየተሻሙ ይፈትሻሉ፤ የኔም ፊልም ማውረጃ ነቅቶ የቀረውን ፊልም ጀመረ። በሥራ ላይ ያለው ሚሞሪ ሞላ፤ ተጠባባቂውም ሁሉ ተለቆ አለቀ። ጠረጴዛው ሲሞላ ስርዓተ ክወናው ያለው ምርጫ ለጊዜው ያልተነካውን እያነሳ ዲስኩ ላይ «ፔጅ ፋይል» በሚባል ቦታ ማኖር ነው፤ ሲፈለግ ደግሞ መልሶ ያመጣዋል። በሌላ አነጋገር ለእያንዳንዱ ፊደል ጎንደር በእግር ደርሶ መመለስ ጀመረ። ሲብለጨለጭ ያደረው የዲስኩ መብራት ይህ ነበር። ስለዚህ ብሶቴ እውነት ነበር፤ የጠቀስኩት ቁጥርና የከሰስኩት ሰው ግን ሁለቱም የተሳሳቱ ነበሩ።

የማያስፈልጉትን አንድ በአንድ ከዝርዝሩ አወጣን። ከሁለቱ የቫይረስ መከላከያዎች አንዱን አስቀረን። ኮምፒዩተሩን አጥፍተን ስናበራው በሥራ ላይ ያለው ከ1,920 ወደ 1,390 ወረደ። ገንዘብ አልወጣበትም፤ አንድ ቅዳሜ ጧት ብቻ ነው የወሰደው።

እኛስ ምን እናድርግ?

ነገ በየወረዳው ተበትነን ከዳባትም ሆነ ከአዲ አርቃይ፣ ከጃናሞራም ሆነ ከበየዳ ትምህርት ቤቶች ስንደርስ የምናገኘው ኮምፒዩተር ምናልባት አሮጌ ነው። «አይሠራም» ብለን አቧራ ከማልበሳችን በፊት የሚከተሉትን ልብ እንበል።

አንደኛ፣ «ባዶ» የሚለውን ቁጥር ብቻ አናንብብ። «ሊገኝ የሚችል» የሚለውን፣ ማለትም ባዶውንና ተጠባባቂውን አንድ ላይ እንይ። እሱ ጥቂት ሆኖ የዲስኩም መብራት ዕረፍት ካጣ ያኔ እውነተኛ ችግር አለ።

ሁለተኛ፣ ከኮምፒዩተሩ ጋር አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞች እንመርምር፤ የማያስፈልገውን እናውጣ። የቫይረስ መከላከያ አንድ ይበቃል። «ሚሞሪ አጽጂ» የሚባለውን ግን አንጫን፤ ጉዳቱን በሰዓት ለክተን አይተነዋል።

ሦስተኛ፣ ጥቂት ገንዘብ ከተገኘ ተጨማሪ የሚሞሪ ካርድ ማስገባት፣ ወይም የሚሽከረከረውን ዲስክ በማይሽከረከረው መተካት አዲስ ኮምፒዩተር ከመግዛት ያንሳል። ሁለተኛው ጎንደርን ወደ ዳባት እንደማቅረብ ነው።

አራተኛ፣ ለ«ዊንዶውስ 10» ሲሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ብዙ አሮጌ ኮምፒዩተሮችም ለ«ዊንዶውስ 11» የሚጠየቀውን አያሟሉም። እነዚህን ከመጣል ይልቅ ቀለል ያለ የሊኑክስ ዓይነት ቢጫንባቸው ሥራ በሌለበት ጊዜ ጥቂት መቶ ሜጋ ባይት ብቻ ይዘው ያገለግላሉ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በሀገራችን ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በሺህ የሚቆጠሩ «ኤክስ ኦ» የተባሉ ትንንሽ ላፕቶፖች ታድለው ነበር። ጠቅላላ ሚሞሪያቸው 256 ሜጋ ባይት ብቻ ሲሆን በሊኑክስ ይሠሩ ነበር።

ከኮምፒዩተሩ ወጣ ብዬ አንድ ነገር ብጨምር አንባብያን ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኛ ነገ የውጤት መዝገብ የምንይዝ ሰዎች ነን። ከአምስት መስመር አንዷን ብቻ አንብቤ «ከ4,096 46» ብዬ የጣልኩት ማሽን ነው፤ ማሽን አይከፋውም። ክፍል ውስጥ ጥግ ይዞ ዝም ያለውን ልጅ በአንዲት ቁጥር «ባዶ» ብለን ብንጽፈውስ? ጧት ከብት አሰማርቶ፣ ሁለት ሰዓት ዳገት ወጥቶ የመጣ ሊሆን ይችላል። ቢያንስ እንደ እትየ ቅዳሜ ጧት ጠርተን ወንበር እንሳብለት።

በመጨረሻም፣ በስብሰባው ላይ ስለ ኮምፒዩተር ክፍሉ ኃላፊ የተናገርኩትን እዚሁ ግድግዳ ላይ በጽሑፍ አንስቻለሁ፤ በእናንተው ፊትም ይቅርታ ጠይቄአቸዋለሁ። የፊልም ማውረጃውን የጫንኩት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት የቀሩትን ኮምፒዩተሮች ተራ በተራ እንፈትሻለን፤ እስካሁን ሦስቱ ተጠናቀዋል። መርዳት የምትፈልጉ ሰዓት ያለው ስልክ ይዛችሁ ኑ፤ ፍላሻችሁን ግን መኝታ ክፍል ተዉት።

ይህ ጽሑፍ የተጻፈው በዚያው ከበሩ ሁለተኛ ባለው ኮምፒዩተር ነው። የተሳሳትኩት ነገር ካለ መምህራንም ሆናችሁ ሠልጣኞች በዚሁ ግድግዳ ላይ እንድታርሙኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።